ሂሳቡ ከመሃል ይውጣ፦ ከጓደኞች ጋር ሪዞርት መሄድን ለነቀፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ከጓደኞቼ ጋር አንድ ጽሑፍ እየተቀባበልን አነበብን። ጉዳዩ ከጓደኞች ጋር ሆኖ ባሕር ዳርቻ ላይ ወዳለ ኦል ኢንክሉሲቭ ሪዞርት ስለመሄድ ነው። መኝታው፣ ምግቡ፣ መጠጡና መዝናኛው በአንድ ዋጋ አስቀድሞ የሚከፈልበት ቦታ ማለት ነው። ጸሐፊው በጭራሽ አትሂዱ ይላሉ። ምክንያቶቻቸው አምስት ናቸው። አንደኛ፣ አጥር ውስጥ ተቀምጦ መመለስ ጉዞ አይባልም። ሁለተኛ፣ ላልበላችሁትና ላልጠጣችሁት ትከፍላላችሁ። ሦስተኛ፣ ቡፌው ጥራት የለውም፣ ባሩ ደግሞ ሰውን ያለ ልክ ያስጠጣል። አራተኛ፣ ጓደኛሞች አንድ ግቢ ውስጥ ለቀናት ሲከርሙ ይጣላሉ። አምስተኛ፣ ገንዘቡ ለአካባቢው ሰው አይደርስም። መጨረሻ ላይ መፍትሔ ያሉትንም ጽፈዋል። ባሕር ዳር ቤት ተከራይታችሁ፣ ራሳችሁ እያበሰላችሁ ብትቆዩ ይሻላል ይላሉ።

ጽሑፉ ታስቦበት የተጻፈ ነው። በተለይ አምስተኛው ነጥብ በቁም ነገር መታየት አለበት። ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተዘለለ አንድ ነገር አለ። ጓደኛሞች እኩል ገቢ የላቸውም። ጸሐፊው ስለ ዋጋ ብዙ ብለዋል፤ ዋጋው በጓደኛሞች መካከል ስለሚፈጥረው ነገር ግን አንድም ቃል አልጻፉም። ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያደረገኝ ይኸው ነው። ስለዚህ የእሳቸውን ቅደም ተከተል ትቼ ከሁለተኛው ነጥብ እጀምራለሁ።

የጸሐፊው ስሌት ቀላል ነው። አንድ ሰው በቀን የሚበላውንና የሚጠጣውን ይደምራሉ። ከዚያ ከሪዞርቱ ዋጋ ጋር ያስተያያሉ። ብዙ የማይበላና መጠጥ የማይቀምስ ሰው ይከስራል ይላሉ። ለብቻው ለሚሄድ ሰው ስሌቱ ያስኬዳል። እኔም ብቻዬን ብሄድ ኦል ኢንክሉሲቭ አልመርጥም። ለቡድን ሲሆን ግን ይህ ስሌት የማይቆጥረው ወጪ አለ።

አብሮ የኖረ የጓደኛ ቡድን ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ ኪሱ ይለያያል። አንዱ ጥሩ ደሞዝ ይበላል። አንዷ ሥራ ለቃ ትምህርት ላይ ናት። ሌላው ወላጆቹን ያስተዳድራል። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ግን አፍ አውጥቶ አይናገረውም። በሌላ ዓይነት ጉዞ ላይ ይህ ልዩነት በቀን ብዙ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። የት እንብላ ሲባል ይወጣል። በጀልባ እንሂድ ወይስ በእግር ሲባል ይወጣል። ታክሲ ሲጠራ ይወጣል። አንድ ዙር እንጨምር ሲባል ደግሞ ዝም ያለውን ሰው ፊት ማየት ነው።

ከጓደኞቻችን አንዷ ምግብ ቤት ስንገባ ሜኑውን ከፍታ ወዲያው ትዘጋው ነበር። «እኔ በልቻለሁ፣ ውሃ ይበቃኛል» ትላለች። ለረጅም ጊዜ አመንናት። ሂሳብ ሲመጣ ደግሞ ከመሃላችን አንዱ «በቃ እኩል እንካፈል» ይላል። ቀና ሰው ስለሆነ ነው የሚለው። እሷም እኩል ታወጣለች። «እኔ እኮ የጠጣሁት ውሃ ብቻ ነው» ማለት እንዴት ይቻላል? አብረን ሪዞርት በሄድንበት ጊዜ በመጀመሪያው ምሽት ሜኑውን ቀድማ ያነሳችው እሷ ነበረች። ጣቷን ከላይ ወደ ታች እያወረደች አነበበችው። አስተናጋጁን «ይሄኛው ውስጥ ምንድነው ያለው?» እያለች አንድ በአንድ ጠየቀችው። አንዱን አዘዘች፣ ቀመሰችው፣ አልወደደችውም። ከዚያ ያለ ምንም ይሉኝታ ሌላ አስመጣች። ያን ሳይ ነው የ«በልቻለሁ»ን ትርጉም የገባኝ።

ያቺ ልጅ ያን ምሽት ሀብታም አልሆነችም። ድርሻዋን ከወራት በፊት ጀምራ በትንሽ በትንሹ ከፍላ ጨርሳ ነበር። ከከፈለች በኋላ ግን ጉዳዩ አለቀ። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ስለ ገንዘብ የሚያስብ አንድም ሰው አልነበረም። ጸሐፊው «ላልበላችሁት ትከፍላላችሁ» ሲሉ ይህን በየትኛው መስመር ላይ ያስገቡታል? ለእኔ በተከፈለው ገንዘብ ከተገኘው ሁሉ ትልቁ ዋጋ ያለው ይህ ነው።

እንዲያውም የዚህ ዓይነት ዕረፍት አጀማመር ከዚሁ ሐሳብ ጋር የተያያዘ ነው። ክለብ ሜዲትራኔ የተባለው የዕረፍት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1950 በስፔኗ የማዮርካ ደሴት፣ አልኩዲያ በተባለ ቦታ ሲጀመር ማደሪያው ድንኳን ነበር። መሥራቹ ዤራር ብሊትዝ ቤልጂየማዊ የውሃ ፖሎ ተጫዋች ነበር። እንግዳው አንድ ጊዜ ከፍሎ ይገባል። መኝታው፣ ምግቡና ስፖርቱ በዚያው ያልቃል። በኋላ ደግሞ ባሩ ላይ በጥሬ ገንዘብ ፋንታ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ዶቃ መክፈያ ሆነ። ዶቃው የሚገዛ እንጂ የሚታደል አልነበረም። ቢሆንም የገንዘብ ቦርሳ ከባሕሩ ዳር ጠፋ። በዋና ልብስ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች መሃል ማን ምን ያህል እንዳለው አይታወቅም። ዛሬ በእጃችን ላይ የምትታሰረው ባንድም የምትሠራው ይህንኑ ነው።

ጸሐፊው የዘረዘሯቸው ድብቅ ወጪዎች ግን እውነት ናቸው። እዚህ ላይ አልከራከርም። ስፓ፣ ስኩባ ዳይቪንግ፣ በሞተር የሚሠሩ የውሃ ላይ መዝናኛዎች፣ ውድ የሆኑ መጠጦች፣ ከግቢ ውጭ የሚደረጉ ጉብኝቶች ብዙ ጊዜ ከጥቅሉ ውጭ ናቸው። በሜኑ የሚስተናገዱት ምግብ ቤቶች ደግሞ በነፃ ቢሆኑም ቦታ አስቀድሞ መያዝ ሊጠይቁ ይችላሉ። ይህን ሁሉ ቡክ ከማድረግ በፊት በጽሑፍ መጠየቅ ነው። አንድ ሰው ኃላፊነት ወስዶ ቢጠይቅ ለሁሉም ይበቃል።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ ለጓደኛሞች ግን ከስፓውም በላይ የሚያስቀይም ሌላ ወጪ አለ። ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው ሁለት ሰው አንድ ክፍል ይጋራል ተብሎ ነው። አምስት ሆናችሁ ከሄዳችሁ አምስተኛው ሰው ለብቻው ክፍል ስለሚይዝ ጭማሪ ይጠየቃል። ብዙ ቡድኖች ይህን ጭማሪ ለዚያ ሰው ይተዉለታል። ነጠላ ስለሆነ፣ ወይም መጨረሻ ላይ «እኔም እመጣለሁ» ስላለ። ይህ ትክክል አይደለም። ጭማሪውን ያመጣው የቡድኑ ቁጥር ጎዶሎ መሆኑ ነው። ለአምስት ይካፈል።

መጠጥ የማይጠጣው ሰው የጠጪውን ሂሳብ ይከፍላል የሚለው ክርክራቸውም ግማሽ እውነት አለው። አንዳንድ ሪዞርቶች የአልኮል መጠጥ የሌለበት ጥቅል በዝቅተኛ ዋጋ ይሸጣሉ። ከመካከላችሁ የማይጠጣ ካለ እንዲህ ያለውን ፈልጉ። ካልተገኘ ልዩነቱን በግልጽ ተነጋግራችሁ አስተካክሉ።

ሁሉን የሚገዛው ሕግ ግን ይህ ነው። የሪዞርቱን ደረጃ የሚወስነው ኪሱ ሳሳ ያለው ሰው ነው። እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው። ሁሉም አቅሙን ለአንድ ሰው በግል ይልካል። ያ ሰው ዝቅተኛውን ቁጥር ይይዛል፣ የማን እንደሆነ ግን አይናገርም። ፍለጋው ከዚያ ቁጥር በታች ይጀምራል። ይህ ካልሆነ ሪዞርቱ ራሱ ከጅምሩ አንዱን ያስቀራል። ቀሪዎቹም «ሥራ በዝቶባት ነው» እያሉ ያልፉታል። ጸሐፊው ይህን ቢያነሱብኝ ኖሮ ከሁሉም ነጥቦቻቸው ጠንካራው ይሆን ነበር።

ወደ አራተኛው ነጥብ ልለፍ። ጓደኛሞች አንድ ግቢ ውስጥ ሲከርሙ ይጣላሉ ይላሉ። ጥል መኖሩን አልክድም። የጥሉ ምክንያት ግን ግቢው አይመስለኝም።

ጓደኛሞች ጉዞ ላይ በምን ይጣላሉ? አንዱ በጠዋት መነሳት ይፈልጋል፣ ሌላው መተኛት። አራት ሰው ለብሶ በር ላይ ቆሞ አንዱን ይጠብቃል። መኪናውን ማን ይንዳ፣ የት ይቁም፣ ምሳ አሁን ነው ወይስ በኋላ። እያንዳንዱ ትንሽ ነገር ነው። ግን አንድ ውሳኔ ለመወሰን የሁሉም ፈቃድ ሲያስፈልግ ሰው ይዝላል። በሦስተኛው ቀን አንዱ ውስጥ ለውስጥ ያኮርፋል። ከተመረጠው ምግብ ቤት የወጣው ምግብ መጥፎ ከሆነ ደግሞ የመረጠው ሰው ጥፋተኛ ይሆናል።

ሪዞርት ውስጥ ይህ አብዛኛው ይቀራል። ያልተነሳው ይተኛ። የተነሳው ባሕር ዳር ይሂድ። አንዷ መጽሐፏን ይዛ ጥላ ሥር ትቀመጥ። አንዱ መረብ ኳስ ይጫወት፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ይቀላቀል። ማንም ማንንም አይጠብቅም። ጸሐፊው «ቀኑን ሙሉ ተፋጠው ይውላሉ» ብለው የገመቱት ትክክል አይደለም። ለመለያየት እንዲህ የሚመች ቦታ የለም። ሳይነጋገሩ መለያየት ይቻላል፣ ማንም ቅር ሳይሰኝ። እኛ የያዝነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እራት ላይ ሁሉም ይገኛል። ቀኑን ለየብቻ የዋለ ሰው እራት ላይ የሚያወራው አያጣም።

አንዱ ምሳሌያቸው ላይ ግን ልቆይ። ሁለት ጓደኛሞች ክፍል ተጋርተው ተኳርፈው ስለመመለሳቸው ጽፈዋል። አንዷ ኤሲው ሌሊቱን ሙሉ እንዲሠራ ትፈልጋለች፣ ሌላዋን ይበርዳታል። አንዷ አምሽታ ትገባለች፣ ሌላዋ መብራት ሲበራ ትነቃለች። ይህ በደንብ የማውቀው ነገር ነው። በሪዞርት ላይ የሚቀርብ ክስ ግን አይደለም። የትም ቢሄዱ ክፍል መጋራት ፈተና ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ ሪሴፕሽን ላይ ቁልፍ ሲታደል መወሰን ስህተት ነው። ከቤት ሳይወጣ ይወሰን። የሚያንኮራፋ ሰው ራሱን ያሳውቅ። ቀድሞ የሚተኛ ከቀድሞ ተኚ ጋር ይመደብ። ቅርርብን እንደ መስፈርት መውሰድ አያዋጣም። በጣም የሚዋደዱ ሁለት ሰዎች የእንቅልፍ ሰዓታቸው ካልተስማማ ይጎዳዳሉ።

ጉዞ አይባልም የሚለው አንደኛው ነጥብ ላይ ከጸሐፊው ጋር ብዙም አልራራቅም። ፑንታ ካና ግቢ ውስጥ ሳምንት የቆየ ሰው ዶሚኒካን ሪፐብሊክን አየሁ ማለት አይችልም። ሁርጋዳ ባሕር ዳር ተኝቶ የመጣም ግብፅን አላወቀም። ሪዞርቶች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ የሚለውም እውነት ነው። አጥሩም ቢሆን ከየት እንደመጣ ማወቅ ጥሩ ነው። በጃማይካ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የፖለቲካ ሁከት ቱሪስት ሲያርቅ፣ እንግዳው ከግቢ ሳይወጣ ሁሉን እንዲያገኝ የሚያደርገው አሠራር ለሆቴሎቹ አማራጭ ሆነላቸው። ፍርሃት ያቆመው አጥር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ግን ሰው ሁልጊዜ አገር ለማየት አይሄድም። አንዳንድ ጊዜ የሚሄደው ሰው ለማየት ነው። ጓደኛሞች በየከተማው፣ በየአገሩ ተበትነው ይኖራሉ። የሚነጋገሩት በስልክ ነው፤ አንዱ ሥራ ላይ፣ ሌላው እንቅልፍ ላይ እያለ። እነዚህ ሰዎች ጥቂት ቀን አግኝተው ሲገናኙ ቀኑን በሙዚየም ሰልፍ ላይ እንዲያሳልፉ ለምን እንፈርድባቸዋለን? ከመካከላቸው ፍቺ ላይ ያለ ሊኖር ይችላል። እናቱን ቀብሮ የመጣ ሊኖር ይችላል። ይህን ሰው ከጎኑ ተቀምጦ ማዋየት ጊዜ ይፈልጋል። የጉብኝት ፕሮግራም ያንን ጊዜ ይበላዋል። ለሁለት ሰዓት ዝም ብሎ ባሕር ያየ ሰው በሦስተኛው ሰዓት ላይ የሚያወራው ነገር አለ። በሽርጉድ መሃል የማይወጣ ነገር።

አገሩንም ማየት የሚፈልግ ካለ በሩ አልተዘጋም። አንድ ቀን መውጣት ይቻላል። ስለ መውጣቱ አምስተኛው ነጥብ ላይ እመለስበታለሁ።

ስለ ቡፌው ብዙ አልልም። ጥሩም መጥፎም አለ፣ ይኸው ነው። ለብዙ ሰው ተሠርቶ ለሰዓታት የቆመ ምግብ እንደ ታዘዘ ምግብ አይሆንም። ፊት ለፊት የሚጠበሰውንና የሚጋገረውን የሚመርጥ ሰው አይጎዳም። ሳህን ሞልቶ ወስዶ መተው ነውር ነው። ደጋግሞ መመለስ ስለሚቻል ጥቂት ጥቂት ማንሳት ምንም አያስቀርም።

የመጠጡ ጉዳይ ግን ጸሐፊው ካሉትም በላይ ከባድ ነው። ተከፍሎበታል ብሎ የሚጠጣ ሰው ማቆሚያውን አያውቀውም። ይህ የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ አይደለም። በስፔን የባሌአሪክ ደሴቶች መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ሕግ ስካር ባስቸገራቸው የተወሰኑ የመዝናኛ አካባቢዎች፣ ማጋሉፍን ጨምሮ፣ የኦል ኢንክሉሲቭ እንግዳ በቀን የሚያገኘውን የአልኮል መጠጥ በ6 ገድቦታል፤ ለምሳ 3፣ ለእራት 3። ነገሩ እዚያ ደረጃ ካልደረሰ መንግሥት የመጠጥ ብርጭቆ አይቆጥርም።

ከስካሩ በላይ የሚያስፈራኝ ባሕሩ ነው። ከምሳ በኋላ ሞቅ ብሎት ወደ ውሃ የሚገባ ጓደኛ በየቡድኑ አይጠፋም። ባሕር ዳር ላይ የሚሰቀሉትን ባንዲራዎች በመጀመሪያው ቀን ተማሩ። በአንዳንድ ቦታ አንድ ቀይ ባንዲራ ውሃው በጣም አደገኛ ነው ማለት ነው፣ በሌላ ቦታ ደግሞ እሱ ብቻውን መግባት ክልክል ነው ማለት ነው። ሁለት ቀይ ባንዲራ መግባት ክልክል ነው ማለት ነው። ወደ ባሕሩ ውስጥ የሚጎትት ጅረት የያዘው ሰው ወደ ዳር ቀጥ ብሎ ለመዋኘት ከታገለ ይደክማል። አለመደናገጥ፣ ከዳሩ ጋር ጎን ለጎን ዋኝቶ ከጅረቱ መውጣት፣ ከዚያ መመለስ ነው። ይህን ጠጥቶ የገባ ሰው ሊያደርገው አይችልም። ስለዚህ ጸሐፊውን የምቃወመው መደምደሚያቸው ላይ ነው። መጠጡ ምክንያት ሆኖ ቦታው ሁሉ አይወገዝም። ከቡድኑ አንድ ሰው «አሁን ውሃ ውስጥ አትገባም» ማለት መቻል አለበት፣ ሌላውም ሊሰማው ይገባል።

አምስተኛው ነጥብ ላይ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ። ጸሐፊው የጠቀሱት አኃዝ የታወቀ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በኦል ኢንክሉሲቭ ጥቅል ከሚወጣው የተጓዥ ገንዘብ 80 በመቶ ያህሉ ለአየር መንገዶች፣ ለሆቴሎችና ለሌሎች ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች እንደሚሄድ ጽፏል። ጸሐፊው ሲጠቅሱት ግን አየር መንገዶቹን ትተው ሆቴሎቹን ብቻ አነሱ። ከሩቅ ለሚመጣ ሰው የአውሮፕላን ትኬት ከጉዞው ትልልቅ ወጪዎች አንዱ ነው። ባሕር ዳር ቤት የተከራየውም ሰው ያንኑ ትኬት ይቆርጣል። የቤቱ ባለቤት የሚኖረው ሌላ አገር ሊሆን ይችላል። ኪራዩን ያገናኘው ድርጅትም ኮሚሽኑን ይወስዳል። ስለዚህ ሪዞርት ከሆነ ገንዘቡ ይሸሻል፣ ቤት ከሆነ ይቀራል ብሎ በአንድ መስመር መለየት አይቻልም።

ባለቤትነቱም አንድ ዓይነት አይደለም። ሳንዳልስ የተባለውን የኦል ኢንክሉሲቭ ሪዞርት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 በጃማይካዋ ሞንቴጎ ቤይ ላይ የጀመረው ቡች ስቱዋርት ጃማይካዊ ነጋዴ ነበር። ኦል ኢንክሉሲቭ ሁሉ የውጭ ኩባንያ ነው ማለት የአገሬውን ባለሀብት መርሳት ነው። ቡክ ከማድረግ በፊት የማን እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። መልሱ ብዙ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ፍለጋ ቢፈጅ ነው።

ያም ሆኖ የጸሐፊው ቅሬታ መሠረት አለው። ጋምቢያ እ.ኤ.አ. በ1999 ኦል ኢንክሉሲቭን እስከ መከልከል ደርሳ ነበር። እንግዳው ከግቢ ካልወጣ ውጭ ያሉት ምግብ ቤቶች፣ ታክሲዎችና አስጎብኚዎች ገበያ ያጣሉ። እገዳው ግን ብዙ ሳይቆይ ተነሳ። ከአጥሩ ውጭ ያለው ሰው ችግሩ የእውነት ነው። አጥሩን በአዋጅ ማፍረስ ግን እንግዳውን ራሱን ሊያስቀር ስለሚችል ቀላል መፍትሔ አልሆነም።

ታዲያ የምንሄደው ሰዎች ምን እናድርግ? አንድ ቀን እንውጣ። ስንወጣ ግን ሎቢ ውስጥ ካለው የጉብኝት ጠረጴዛ ከመግዛታችን በፊት አካባቢውን የሚያውቅ ሕጋዊ ሹፌርና አስጎብኚ በቀጥታ እንፈልግ። ምሳ ውጭ እንብላ፤ ግቢው ውስጥ የተከፈለበት ምሳ ቢቀርም። ያቺን አንድ ምሳ «አባከንኳት» ብሎ የሚያዝን ሰው ካለ ሌሎቹ ይክፈሉለት።

ከዚያ ደግሞ ጉርሻ አለ። አንዳንድ ሪዞርት ጉርሻ ዋጋው ውስጥ ተካቷል ይላል። ተካቷል ማለት ክፍላችሁን የምታጸዳው ሴት እጅ ይገባል ማለት ላይሆን ይችላል። ባሩ ላይ የቆመው ሰው ፊት ለፊት ስለሚታይ ጉርሻ አያጣም። ከእኛ በኋላ ገብታ አሸዋውን ከመታጠቢያ ቤቱ የምትጠርገውን ግን ላናያት እንችላለን። ለእሷ የሚተወው በየቀኑ ይሁን። ፈረቃ ስለሚቀያየር የመጨረሻው ቀን ላይ የተተወ ገንዘብ አምስት ቀን ላልሠራች ሰው ሊደርስ ይችላል። ትራስ ላይ፣ ትንሽ የምስጋና ጽሑፍ ተጨምሮበት ይቀመጥ። ያለ ጽሑፍ ከሆነ የተረሳ ገንዘብ መስሏት ላትነካው ትችላለች። በአገሩ ገንዘብ ቢሆን ደግሞ ለመመንዘር አትንከራተትም።

የባሕሩ ዳርስ? ጸሐፊው ሪዞርቶች የአካባቢውን ሰው ከባሕሩ ከልክለዋል ብለው ጽፈዋል። ይህ ከአገር አገር ይለያያል። በሜክሲኮ ለምሳሌ የባሕር ዳርቻ በሕግ የሕዝብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ መግቢያ የሚዘጉ እንዲቀጡ ሕጉ ተሻሽሏል። የሚከለክሉ ቦታዎች መኖራቸውን ግን አውቃለሁ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ባለመሄድ እስማማለሁ። ሕዝብ የሚገባበት ባሕር ዳር ላይ ያለ ሪዞርት ሞልቷል።

የቀረው መፍትሔ ያሉት ነው፤ ቤት ተከራይታችሁ አብስሉ የሚለው። እኛም ቤት ተከራይተን እናውቃለን። ቤቱ ያምር ነበር፣ በረንዳው ባሕሩን ያያል። ግን ጠዋት ቀድሞ የተነሳው ሰው የሚያገኘው የማታውን ብርጭቆ ነው። ቡና ለማፍላት መጀመሪያ ማጠብ አለበት። ከዚያ ሌሎቹ እየተነሱ ይመጣሉ። «ቁርስ ምን አለ?» ይላል አንዱ፣ ያለ ክፋት። ሁለት ሰዎች ማብሰል ይችላሉ። ስለሚችሉ ያበስላሉ። በየቀኑ እነሱ ናቸው። ሲያበስሉ ሌሎቹ ዋና ላይ ናቸው። አንዷ መጥበሻ ላይ እንደቆመች በመስኮት ስታያቸው አይቻለሁ። ስጠራት «መጣሁ መጣሁ» አለችኝ። ስትመጣ ፀሐይ ገብታ ነበር።

ሂሳቡም ተመልሶ ይመጣል። እሱ እንቁላሉን ገዛ፣ እሷ ውሃውን ገዛች፣ ሌላው ነዳጅ ሞላ። በየምሽቱ አንድ ሰው ስልኩ ላይ ወጪ ይመዘግባል። እኩል ይካፈል ወይስ በበላው ልክ የሚለው ጥያቄ እንደገና ይነሳል። ያቺ «በልቻለሁ» የምትለው ጓደኛችን ያኔ ሱቅ ውስጥ ጋሪው ላይ የሚጨመረውን እያንዳንዱን ነገር በዓይኗ ስትከተል ነበር። የመጨረሻው ቀን ደግሞ አንሶላ ማውለቅ፣ ቆሻሻ ማውጣት፣ ፍሪጅ ባዶ ማድረግ ነው።

ማብሰል የሚያስደስታቸው ቡድኖች አሉ። ገበያ አብረው ሄደው፣ ሽንኩርቱን አብረው ከትፈው፣ ሳህኑን አብረው የሚያጥቡ። እነሱ ቤት ይከራዩ፣ ጸሐፊው የመከሩት ምክር ለእነሱ ልክ ነው። ለሌሎቻችን ግን ቤቱ ከመያዙ በፊት ሁለት ሰዎች ለየብቻ ቢጠየቁ ጥሩ ነው። ሁልጊዜ የሚያበስለውና ሁልጊዜ የሚያጥበው። በቡድን መሃል ከተጠየቁ «ምንም አይደል፣ ደስ ይለኛል» ይላሉ። ለብቻቸው ሲጠየቁ የሚሉት ሌላ ከሆነ፣ ቦታውን እነሱ ይምረጡ።